የእርሳሷ ላም

ከሰዉ ከብቱ በሚበዛበት አገር፣
በሞንቴቪዴዮ፣ ከወንዙ ዳር፣
እኔም አንዲት ላም አለችኝ፤ የላት ቀንድ፣ የላት ጅራት፣
በእርሳስ ግድግዳ ታጥራ ምታለብ ገና በሌሊት።
በሰማይ አይደለችም ላሜ፣ እታች ምድር ቤት ናት፤
ወተቷ ውሃ ይመስላል፣ ብቻ ይቆጥራል ሰዓት፦
በስድስት ሰዓት እኩሌታው፣ በስድስት የእኩሌታው እኩሌታ፤
አይፈላ፣ አይረጋ፣ እንዲያው ይሞታል በዝምታ።
ሰኞ ግቷ ሙሉ ነው።
ሐሙስ ይቀጥናል። ዓርብ በስስት ነው።

አራተኛ ፎቅ ኒካኖር ተኝቷል፣ የታኩዋሬምቦ ልጅ፣
ራሱ በሽቦ ሹሩባ ተሠርቶ።
ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ዐሥራ አንዱን ሲወድቅ ሲነሣ ፈጀው።
መድኃኒቱን ቀንሰናል፣ እንቅልፉን ነሥተናል፤
እንዳይመጣ ስንት ዓመት የተጸለየበትን
አሁን እንዲመጣ እንጠብቃለን።

አባቱ ባልዶሜሮ፣ ከብት አላቢ፣
ቆቡን ጭኑ ላይ አኑሮ ማቴውን በብር ቀሰም ይመጥጣል።
«ይቺ ላምሽ» አለኝ ማክሰኞ፣ «ጥጃ አላት?»
«አላት» አልኩት። «እናቲቱ ሞሊብዴነም፣ ጥጃው ቴክኒሺየም፤
እሷ እየሞተች ትወልደዋለች፣
እሱ የማይታይ ብርሃን ሰጥቶ ይሞታል።»
ጥቂት አሰበ።
«እኔ ዘንድ ያሉት ይራገጣሉ» አለ፤ «ያንቺዋ ጨዋ ናት።»

ሰኞ ቀረ። ማክሰኞ ቀረ።
ነርሷ ዙልማ መርፌውን በእርሳስ ሰገባው ይዛ
አልጋው ጥግ ትቀመጣለች፣ ዓይኗን እንደ ዓሣ አጥማጅ ተክላ።
ማታ ማታ ያልተወጋውን ይዤ ወደ ምድር ቤት እወርዳለሁ፣
ከሣጥኑ አግብቼ፣ ቀኑን ጽፌ እዘጋዋለሁ፤
ያልመጣ እንግዳ ድርሻ።

ረቡዕ ባልዶሜሮ ኮሪደሩ ላይ ያዘኝ፦
«አባት ነኝ። ልጄን ‹ውደቅ› ብዬ ልጸልይ?»
መልስ አልነበረኝም። መስኮቱን አየሁ፤
ወንዙ ቡናማ ነው፣ ማዶው የማይታይ ወንዝ፣
የሐምሌ ብርድ ጀርባውን ይቆነጥጠዋል።

ሐሙስ፣ አራት ሰዓት ከሩብ።
«የተቃጠለ ስኳር ሸተተኝ» አለ ኒካኖር።
ግራ እጁ ሸሚዙን ይፈትል ጀመር፣ ቀኙ ደረቀ፤
አፉ ያላምጣል፣ ምንም ሳይኖርበት፤
ዓይኑ እኛን አልፎ ሌላ ሰው አየ።
ዙልማ ገፋችው።
ዐሥራ አንድ ሴኮንድ።

ደም መቼም መንገድ አይጠይቅ፤
ከክንድ ወደ ልብ፣ ከልብ ወደ ሳንባ፣ ተመልሶ ወደ ልብ፣ ሽቅብ ወደ አንጎል፤
እሳት ወዳለበት ይሮጣል፣ ሰፈር እንደሚረዳ ሰው።
ወተቴም አብሮት ገባ፤
ገብቶ ቀረ፣ በሩን ከውስጥ ዘጋ።

ከሁለት ሰዓት በኋላ፣ አፉ ደርቆ፣ እያፈረ፣
ከካሜራው ሥር ተኛ።
ሁለቱ የካሜራ ፊቶች ራሱን ዞሩት፣ ቀስ፣ ቀስ፣
በውድማ ላይ እንደሚያበራዩ በሬዎች።
ማዕበሉ ካለፈ ቆይቷል፤ ልጁ እንዲያውም ርቦታል።
ምስሉ ግን የዛሬን አያውቅም፤
ያችን ደቂቃ ብቻ ይዞ ቆይቷል፦
ከግራ ጆሮው ወደ ውስጥ
አውራ ጣት የምታክል ቦታ ጋመች፣
ዙሪያዋ ጭር ያለ ሰማያዊ።
ዐሥራ አንድ ዓመት ሲሰርቀው የኖረ ሌባ
ጎሬው ታየ።

ኒካኖር ማያውን አተኩሮ አየ።
«እዚያ ውስጥ» አለ፣ «ምን እያሰብኩ ነበር?»
የደሙን ልኬት ልስጠው እችላለሁ፤
የሐሳቡን ስፍር ግን አላውቀውም፤
አላውቀውም አልኩት።
ባልዶሜሮ ቆቡን አወለቀ፣ ለማን እንደሆነ እንጃ፣
ለማሽኑም ይሆናል።

ዓርብ በሌሊት ወርጄ አለብኳት፤
ጠብታ ናት፣ ለአንዲት ሴት እንቅርት ብቻ የምትበቃ።
ሰኞ ሌላ ትመጣለች፣ በአውሮፕላን፣
በእርሳስ በረቷ ታሽጋ፣ ከደመና በላይ።
እስከዚያው እኔም እንደ ሰዉ ሁሉ
ላም አለኝ በሰማይ።